ከእረኛው ግንብ የተወረወረ እሳት

(በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)



ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዘን እንነሣ። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ ይጠራል። ይህ የታወቀ ነው። ሽማግሌው ራሱ የጠቡ ተካፋይ ሲሆንስ? ከሁለቱም ወገን ዘመድ ሆኖ፣ ከሁለቱም ወገን ጥቅም እየጠበቀ፣ በእጁ መጽሐፍ ቅዱስ በጓዳው ደግሞ ጦር ይዞ ቢቀመጥስ? እንዲህ ያለው ሽማግሌ እሳቱን ያጠፋል ወይስ ጭድ ይጨምርበታል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን የአንድ ሰው ሕይወት አለ። ሰውየው የዛሬ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ በእንግሊዝ አገር የኖረ፣ ሄንሪ የሚባል የዊንቸስተር ከተማ ጳጳስ ነው። የአባቱ ግዛት በፈረንሳይ ምድር ያለችው ብሏ ስለነበረች በታሪክ «የብሏው ሄንሪ» ይባላል። በእርሱ ዘመን እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ነደደች። ያን ጦርነት ለማስቆም ከእርሱ የተሻለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ ተፋላሚ የእናቱ ልጅ፣ ሌላዋ ተፋላሚ የአጎቱ ልጅ፣ እርሱ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን እረኛ! ታዲያ ምን ሆነ? እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ የተሰጠው ሰው

ሄንሪ የትልቅ ቤት ልጅ ነው። እናቱ አዴላ በ1066 እንግሊዝን ወግቶ የያዘው የድል አድራጊው ዊልያም ልጅ ናት። አባቱ በመስቀል ጦርነት ዘምቶ በ1102 በቅድስት አገር ወደቀ። እናቱም ይህን ልጇን ገና በሕፃንነቱ ክሉኒ ለሚባለው ታላቅ የፈረንሳይ ገዳም ሰጠችው። ሐና ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር እንደ ሰጠች ማለት ነው። ልጁ በጸሎትና በትምህርት አደገ።

በ1126 አጎቱ የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ሄንሪ አስመጣውና የግላስተንበሪ ገዳም አበምኔት አደረገው። ገዳሙ በስም ሀብታም ይሁን እንጂ መሬቱ በየሰው እጅ ገብቶ፣ ቤቱም ፈራርሶ ነበር። ሄንሪ የተወሰደውን መሬት አስመለሰ፣ የፈረሰውን ሠራ። ሥራ ያውቅበታል። በ1129 የዊንቸስተር ጳጳስነት ተጨመረለት። የገዳሙን ሹመት ግን አልለቀቀም፤ ሁለቱንም እስከ ዕለተ ሞቱ ያዘ።

ይህን ሰው በአንድ ቃል ክፉ ብለን እንዳናልፈው አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዊንቸስተር ከተማ ወጣ ብሎ ቅዱስ መስቀል የሚባል የድሆች መጠለያ ያቆመው እርሱ ነው። አሥራ ሦስት ደካማ ድሆች እዚያው እየኖሩ እንዲጦሩ፣ ሌሎች መቶ ድሆች ደግሞ በየቀኑ እንዲመገቡ ሥርዓት ሠራለት። ይህን ቤት አትርሱት፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ዘሩ፣ ትምህርቱ፣ ሹመቱ፣ ሀብቱ፣ ችሎታው፣ ሁሉም ነበረው። ጌታ በሉቃስ 12፥48 ያስተማረውን እናውቃለን፤ ብዙ የተቀበለ ሰው ብዙ ይጠየቃል።

ዋስ የሆነ ጳጳስ

ንጉሡ ቀዳማዊ ሄንሪ አንድ ሕጋዊ ወንድ ልጅ ነበረው። እርሱም በ1120 መርከብ ሰጥሞ ሞተ። የቀረችው ሴት ልጁ ማቲልዳ ናት። ማቲልዳ አስቀድሞ ለጀርመን ንጉሠ ነገሥት ተድራ ስለነበር እቴጌ ትባላለች። አባቷ በ1127 መኳንንቱን ሰብስቦ «እኔ ስሞት እርስዋን ታነግሣላችሁ» ሲል አስማላቸው። ከማሉት መካከል የጳጳሱ ወንድም ስቲቨን አንዱ ነበር።

ንጉሡ ታኅሣሥ 1 ቀን 1135 አረፈ። ስቲቨን መሐላውን ከምንም ሳይቆጥር ወዲያው ባሕር ተሻግሮ ለንደን ገባ፤ ቀጥሎም ወደ ዊንቸስተር ገሰገሰ። ለምን ዊንቸስተር? የመንግሥቱ ግምጃ ቤት ያለው እዚያ ነዋ! የዊንቸስተር ጳጳስ ደግሞ ወንድሙ ነው። ግምጃ ቤቱ ተከፈተለት።

አንድ እንቅፋት ብቻ ቀረ። ዘውዱን የሚጭነው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ «መሐላውስ ምን ይሆናል?» ብሎ አመነታ። በዚህ ጊዜ ሄንሪ ተነሣና ለወንድሙ ዋስ ሆነ። ስቲቨን ቤተ ክርስቲያንን ያከብራል፣ ነፃነቷንም ይጠብቃል ሲል ቃል ገባ። ታኅሣሥ 22 ቀን ስቲቨን ነገሠ።

ወገኖቼ፣ ዋስ መሆን ምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ባለ ዕዳው ቢጠፋ የሚያዘው ዋሱ ነው። ምሳሌ 6 ከቁጥር 1 ጀምሮ ለሌላ ሰው ዋስ የገባን ሰው «ተጠምደሃልና ፈጥነህ ራስህን አድን» እያለ በብርቱ ይመክራል። ሄንሪ የተጠመደው ያን ቀን ነው። ወንድሙን ያነገሠው የፈረሰ መሐላ ላይ አቁሞ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን መከራ ሁሉ ስትሰሙ ይህችን መነሻ አስታውሱ።

ወንድማማች ሲቀያየም

ለጊዜው ሁሉም ነገር ያማረ መሰለ። ስቲቨን በ1136 ኦክስፎርድ ላይ የቤተ ክርስቲያንን መብት እጠብቃለሁ ብሎ ጽሑፍ አወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሞተ፤ ወንበሩም ባዶ ሆነ። ሄንሪ ያንን ወንበር አጥብቆ ይፈልግ ነበር። «ያነገሥኩት ወንድሜ ይህን ይነፍገኛል?» ብሎ ያሰበ ይመስላል። ነፈገው! በ1138 መጨረሻ ቲዎባልድ የሚባል መነኩሴ ተመረጠ። ብዙም ሳይቆይ ግን የሮም ፓፓ ሄንሪን በእንግሊዝ ምድር እንደራሴው አድርጎ በ1139 ሾመው። በዚህም ሥልጣን ሄንሪ ከሊቀ ጳጳሱ በላይ ሆነ።

በ1139 የበጋ ወራት ንጉሡ የሶልዝበሪውን ጳጳስ ሮጀርንና የሊንከኑን ጳጳስ አሌክሳንደርን ኦክስፎርድ ላይ አሠረ። ምክንያቱ የሠሯቸው ምሽጎች ነበሩ። ሄንሪ ዝም አላለም። የገዛ ወንድሙን፣ ንጉሡን፣ በዊንቸስተር ጉባኤ ፊት መልስ እንዲሰጥ ጠራው። በአንድ በኩል ደፋርነቱ ያስመሰግናል፤ ዋስ የሆነበት ቃል ፈርሷልና ጠየቀ። በሌላ በኩል ግን ነገሩን ተመልከቱ፤ ከአንድ ዓመት በፊት ሄንሪ ራሱ በፋርንሃም፣ በቶንተን፣ በዊንቸስተርም ውስጥ ዎልቭሲ በሚባለው ስፍራ ምሽጎችን አሠርቶ ነበር። በጉባኤው ላይ የሩዋን ሊቀ ጳጳስ ሂዩ ተነሥቶ፣ ጳጳሳት ምሽግ ሊኖራቸው እንደሚገባ ከቤተ ክርስቲያን ሕግ ውስጥ ማሳየት የሚችል ያሳይ ሲል ጠየቀ። የሚያሳይ አልተገኘም። ጉባኤው ያለ ፍሬ ተበተነ።

በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ እቴጌ ማቲልዳ የአባቷን ዙፋን ለማስመለስ እንግሊዝ ምድር ላይ ወረደች። ከእርስዋ ጋር በአባት የሚገናኛት ወንድሟ የግሎስተሩ ሮበርት ነበር። ጦርነቱ ከረረ።

የጦርነቱን ፍዳ የቀመሰው ማን ነው? ድሀው ነው እንጂ! በፒተርቦሮ ገዳም የነበረ አንድ መነኩሴ ያየውን ጽፎ አቆይቶልናል። ጌቶቹ በየኮረብታው ምሽግ ሠሩ፤ ገበሬውን በግዳጅ ሥራ አደከሙት። ገንዘብ አለው የተባለውን ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይሉ፣ ይዘው አሠሩት፣ አሠቃዩት። ሰው ቀኑን ሙሉ ተጉዞ የሚኖርበት መንደር አያገኝም ነበር። እርሻው ጦም አደረ። ሕዝቡም «ክርስቶስና ቅዱሳኑ ተኝተዋል» ማለት ጀመረ። እረኞች ከጌቶች ጋር ሲቀመጡ በጎች እንዲህ ነው የሚሉት።

እውነት ለመናገር ሄንሪ በ1140 ሰላም ለማምጣት ደክሟል። በባት ከተማ አቅራቢያ ሁለቱን ወገኖች አነጋገረ። ከዚያ ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ ከንጉሡና ከታላቅ ወንድሙ ጋር ተማክሮ የስምምነት ሐሳብ ይዞ ተመለሰ። የእቴጌይቱ ወገን ተቀበለ፤ ስቲቨን ግን እንቢ አለ። በዚያ ዓመት ሄንሪ እውነተኛ የሽምግልና ሥራ ሠርቶ ነበር። ምነው በዚያው በጸና!

በዝናባማ ቀን የተገባ ቃል

የካቲት 2 ቀን 1141 ሊንከን ላይ ጦርነት ተደረገ፤ ንጉሥ ስቲቨን ተማረከ። ወደ ብሪስቶል ተወስዶ ታሠረ። አሁን የሁሉ ዓይን ወደ ሄንሪ ዞረ። ወንድሙ በእስር ላይ ነው፤ አሸናፊዋ ደግሞ ወደ ከተማው እየመጣች ነው።

መጋቢት 2 ቀን ከዊንቸስተር ወጣ ባለ ዌርዌል በሚባል ሜዳ ላይ ጳጳሱና እቴጌይቱ ተገናኙ። ቀኑ ደመናና ዝናብ የሞላበት እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊ ይነግረናል። ውሉ እንዲህ ነበር፤ በመንግሥቱ ታላላቅ ጉዳዮች፣ ይልቁንም ጳጳስና አበምኔት በሚሾምበት ጉዳይ ሁሉ የሄንሪ ቃል ይሰማል፤ እርሱ ደግሞ እቴጌይቱን ይቀበላታል። በማግስቱ በታላቁ ቤተ ክርስቲያን በሰልፍ ተቀበላት።

ልብ በሉ ወገኖች፤ በዚያ ሜዳ ላይ ስለ ገበሬው ምን ተነገረ? ስለ ተቃጠለው መንደርስ? ስለ ታሠረው ወንድሙስ? የዘመኑ ጸሐፊ መዝግቦ ያቆየልን ዋና ነገር የሹመት ጉዳይ ነው። ሽማግሌ የድርሻውን አስቀድሞ ሲደራደር ሽምግልናው እዚያው ላይ ሞቷል።

ማንበብ ያልተፈለገው ደብዳቤ

በሚያዝያ ሄንሪ በዊንቸስተር የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ጠራ። ዊልያም የሚባል የማልምስበሪ ገዳም መነኩሴ በዚያ ተገኝቶ የሰማውን ጽፏል። ሄንሪ ቆመና ተናገረ። የወንድሙን በደሎች ዘረዘረ። በሥጋ ወንድሙን እንደሚወድ፣ ነገር ግን የሰማዩ አባት ጉዳይ እንደሚበልጥበት ገለጸ። ከዚያም ማቲልዳ የእንግሊዝ እመቤት ትሁን አለ።

ቃሉን ብቻ ለሚሰማ ሰው እንዴት ያለ መንፈሳዊ ንግግር ነው! ጌታ ራሱ ከእርሱ ይልቅ ዘመዱን የሚወድ አይገባኝም ብሎ የለምን? አዎን፣ ብሏል። ግን ያው ሰው ከአምስት ዓመት በፊት ያው ወንድሙ እንዲነግሥ ዋስ የሆነ ነው። ያን ጊዜም ስለ እግዚአብሔር ቤት ሲል ነበር፤ አሁንም ስለ እግዚአብሔር ቤት ሲል ነው። የእግዚአብሔር ስም ሁልጊዜ ካሸነፈው ወገን ጋር ከሆነ፣ ያ ስም በከንቱ እየተጠራ ነው።

በማግስቱ የለንደን ሰዎች መጡ። ንጉሣችን ከእስር ይፈታ አሉ። ቀጥሎም ክርስቲያን የሚባል አንድ ጸሐፊ የታሠረው ንጉሥ ሚስት የላከችውን ደብዳቤ ይዞ ቀረበ። ሄንሪ ደብዳቤውን ተቀብሎ ለራሱ አነበበውና «ይህ በዚህ ጉባኤ ፊት ሊነበብ የሚገባው አይደለም» አለ። ጸሐፊው ግን አላፈገፈገም። ደብዳቤውን ወስዶ በዚያ ሁሉ ጳጳስና አበምኔት ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሚስት ስለ ባሏ የምትለምንበት ደብዳቤ ነበር፤ ባሌን መልሱልኝ፣ የአሠሩትም የገዛ ሰዎቹ ናቸው የሚል።

ይህ ጸሐፊ በጉባኤው ውስጥ ሹመት የለውም። በታሪክ ስሙ የሚነሣው በዚህች አጋጣሚ ነው። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተላከበትን በታማኝነት የፈጸመ እርሱ ነው። አንዳንድ ጊዜ እግዚአብሔር እውነትን የሚያስነብበው በታናሹ አፍ ነው።

ከተማው ነደደ

ወዳጅነቱ ብዙ አልቆየም። ሄንሪ ለታሠረው ወንድሙ ልጅ የአባቱ ርስት እንዲሰጠው ጠየቀ፤ እቴጌይቱ እንቢ አለች። የለንደንን ሰዎችም ግብር ብላ አስጨነቀቻቸው፤ እነርሱም በሰኔ ወር መጨረሻ ከከተማቸው አባረሯት። ሄንሪ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አየ። ወደ ወንድሙ ሚስት ሄደና ታረቀ። እንግዲህ ይህ በሁለት ቢላዋ መብላት ይባላል።

እቴጌይቱ ተቆጥታ በሐምሌ መጨረሻ ከነጦሯ ዊንቸስተር ገባች። እርስዋ በአንድ በር ስትገባ ሄንሪ በሌላ በር ወጣ። ወታደሮቿ ዎልቭሲ የሚባለውን የጳጳሱን ግንብ ከበቡ። በግንቡ ውስጥ ያሉት የጳጳሱ ወታደሮች ምን አደረጉ? እሳት እየለኮሱ በከተማው ቤቶች ላይ ወረወሩ።

አዎን፣ በትክክል አንብባችኋል። እሳቱ የተወረወረው ከጳጳሱ ግንብ ነው። የተቃጠለው የጳጳሱ ከተማ ነው። ያጠመቃቸው፣ የባረካቸው፣ ሙታናቸውን የቀበረላቸው ሰዎች ቤት ነደደ። በከተማው ውስጥ የነበረው የሴቶች ገዳም ተቃጠለ። ከቅጥሩ ውጭ ያለው የሃይድ ገዳምም ተቃጠለ። በሃይድ ገዳም ንጉሥ ክኑት በስጦታ የሰጠው በወርቅ፣ በብርና በዕንቁ ያጌጠ ትልቅ መስቀል ነበር። እሳቱ ሲደርስበት ወደቀ። የማልምስበሪው ዊልያም እንደጻፈው ሄንሪ ጌጡ ከመስቀሉ ላይ እንዲነሣ አዘዘ፤ ከአምስት መቶ ማርክ በላይ ብርና ሠላሳ ማርክ ወርቅ ተገኘበት፤ ይህም ለወታደሮች ተከፈለ። ማርክ የዚያን ጊዜ የገንዘብ መስፈሪያ ነው።

መስቀሉ ተገፍፎ ለጦር ደመወዝ ሆነ! ከዚህ በላይ ምን እንላለን? በዮሐንስ 10 ጌታችን ስለ መልካም እረኛ ሲያስተምር፣ መልካም እረኛ ነፍሱን ስለ በጎቹ እንደሚሰጥ ነግሮናል። ሞያተኛው ግን ተኩላውን ሲያይ ትቶ ይሸሻል። በዊንቸስተር የሆነው ከዚህም የከፋ ነው፤ እረኛው ወጥቶ ሄደ፣ ከቤቱም የወጣው እሳት በጎቹን በላ።

«ተገድጄ ነው»

በመስከረም የእቴጌይቱ ጦር ከዊንቸስተር ሲሸሽ ወንድሟ ሮበርት ተማረከ። በእርሱ ልዋጭ ስቲቨን በኅዳር ተፈታ። ታኅሣሥ 7 ቀን 1141 ሄንሪ በዌስትሚንስተር ሌላ ጉባኤ ጠራ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለተኛው መሆኑ ነው። በሚያዝያ ስቲቨንን የጣለው አንደበት በታኅሣሥ መልሶ አነሣው። እቴጌይቱን የተቀበልኩት ወድጄ ሳይሆን ተገድጄ ነው፤ የገባችውንም ቃል ሁሉ አፍርሳለች አለ።

በዚህ ጊዜ የእቴጌይቱ መልእክተኛ፣ ካህን ያልሆነ ተራ ሰው፣ በጉባኤው መካከል ተነሣ። እርስዋ ወደ እንግሊዝ የመጣችው አንተ ራስህ ደጋግመህ በላክህላት ደብዳቤ ነው ሲል በፊቱ ተናገረው። ሄንሪ ፊቱ እንኳ አልተለወጠም ይላል ጸሐፊው።

ፊቱ አልተለወጠም። ውድ አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ኃጢአት አስፈሪ የሚሆነው ሲያስደነግጠን ብቻ አይደለም፤ ሳያስደነግጠን ሲቀርም ነው። ከተማ ተቃጥሎ፣ መስቀል ተገፍፎ፣ በጉባኤ ፊት እውነቱ ተነግሮ ፊት ካልተለወጠ ሕሊና ደንዝዟል ማለት ነው። «ተገድጄ ነው» የምትለዋ ቃል ደግሞ አዲስ አይደለችም። አሮንም ስለ ወርቁ ጥጃ ሲጠየቅ ወርቁን እሳት ውስጥ ጣልኩት፣ ጥጃውም ወጣ ብሏል። ጲላጦስም እጁን ታጥቧል።

ዘግይቶ የመጣ ንስሐ

ያ ሁሉ ብልጠት ለሄንሪ ምን አተረፈለት? የካንተርበሪ ወንበር አልሆነለትም። በ1143 ፓፓው ሲሞት እንደራሴነቱም አበቃ። ሁለቱም ወገን አላመነውም፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። ጦርነቱ ግን ቀጠለ፤ አንዱ ሌላውን ሳያሸንፍ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ።

በ1153 የማቲልዳ ልጅ፣ እርሱም ሄንሪ የሚባል ወጣት፣ ጦር ይዞ ባሕር ተሻገረ። መኳንንቱ ደክሟቸዋል፤ ጦሮቹ ፊት ለፊት ተፋጠው መዋጋት አልፈለጉም። በዚህ ጊዜ ሁለት ሰዎች በመካከል ገቡ። አንዱ ሊቀ ጳጳሱ ቲዎባልድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሽማግሌው ሄንሪ ነው። የካንተርበሪ ወንበር የቀረበትና የተቀመጠበት፣ ሁለቱ ባላጋራዎች አንድ ላይ ሠሩ! የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ የሀንቲንግደኑ ሄንሪ ምክንያቱን ይነግረናል። ጳጳሱ ወንድሙን በማንገሥ አገሪቱን እንዳወከ ተገንዝቦ፣ ሁሉም ነገር በዝርፊያ፣ በእሳትና በግድያ ሲጠፋ አይቶ ተጸጽቶ ነበር ይላል።

ኅዳር 6 ቀን 1153 ስምምነቱ ተደረገ። የት? በዊንቸስተር፣ በዚያው በተቃጠለው ከተማ! ስቲቨን እስኪሞት ይነግሣል፤ ከእርሱ በኋላ የማቲልዳ ልጅ ይወርሳል፤ በጦርነቱ ጊዜ የተሠሩት ምሽጎች ይፈርሳሉ ተባለ። በዓመቱ ስቲቨን ሞተ፤ ወጣቱም ዳግማዊ ሄንሪ ተብሎ ያለ ጦርነት ነገሠ።

አስተውሉ፤ ሄንሪ ሁሉን በእጁ ይዞ ሳለ ሰላም አላመጣም። ሥልጣኑ ተወስዶበት፣ የሚደራደርበት የግል ድርሻ ባነሰ ጊዜ ግን ሽምግልናው ፍሬ አፈራ። እግዚአብሔር የተሰበረን ሰው እንዲህ ይጠቀምበታል። ይሁን እንጂ ንስሐው ዘግይቷል። ይቅርታ ይገኛል፤ የተቃጠለው ቤትና የሞተው ሰው ግን አይመለስም። ስለዚህ «በኋላ እመለሳለሁ» ለሚል ሰው ይህ ታሪክ ማስጠንቀቂያ ነው።

የፈረሰውና የቀረው

አዲሱ ንጉሥ ምሽጎች ይፍረሱ ሲል ሄንሪ በ1155 ወደ ልጅነት ገዳሙ ወደ ክሉኒ ሄደ። እርሱ በሌለበት ምሽጎቹ ፈረሱ። ክሉኒ በዕዳ ተይዞ ነበርና ከዕዳው እንዲወጣ ረዳው። ከዚያ ተመልሶ በዊንቸስተር በእርጅና ኖረ። በ1162 ቶማስ ቤኬትን የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ አድርጎ የቀደሰው እርሱ ነው። በታኅሣሥ 1170 የንጉሡ ባላባቶች ቶማስን በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገደሉት። በቀጣዩ ነሐሴ ዳግማዊ ሄንሪ የታመመውን ጳጳስ ሊጠይቅ መጣ። የዘመኑ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ሽማግሌው በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ስለ ቶማስ ደም ንጉሡን ገሠጸው። ነሐሴ 8 ቀን 1171 አረፈ። በወጣትነቱ ከነገሥታት ጋር የተደራደረ አንደበት በመጨረሻ ምንም ሳይጠይቅ ለንጉሥ እውነት ተናገረ።

ዛሬ ዊንቸስተር ብትሄዱ የዎልቭሲን ግንብ ፍርስራሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያ እሳት የተወረወረበት ግንብ ድንጋይ ብቻ ነው። ያ አትርሱት ያልኳችሁ የድሆች መጠለያ ግን እስከ አሁን ቆሞአል። አረጋውያን ይኖሩበታል። በበሩ ለሚያልፍ መንገደኛም፣ ከጠየቀ፣ ቁራሽ ዳቦና የሚጠጣ ነገር ይሰጠዋል። ሰውየው ራሱን ሊጠብቅበት የሠራው ወደቀ፤ ለድሀ የሰጠው ቀረ። በ1ኛ ቆሮንቶስ 3 ስለ ሥራችን በእሳት መፈተን የተጻፈውን ስናነብ ይህን እናስብ።

ለእኛስ?

ይህ ታሪክ የጳጳሳት ብቻ አይደለም። በቤተ ዘመድ ጠብ ሽማግሌ ሆነን የምንቀመጥ አለን። በአጥቢያችን ክርክር ሲነሣ «ጌታ ያሳየኝ» የምንል አለን። አገር ሲታመስ መድረክ ላይ ቆመን የምንጸልይ አለን። እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ።

ሰላም ስናወርድ ለራሳችን ድርሻ አስቀምጠናል ወይ? በዌርዌል ሜዳ ላይ የሆነው እንዳይሆንብን።

የእግዚአብሔርን ስም የምንጠራው ያሸነፈውን ተከትለን ነው ወይስ እውነትን? በሚያዝያ የተናገርነውን በታኅሣሥ የምናፈርስ ከሆነ፣ የሚሰማን ሕዝብ የሚጠራጠረው እኛን ብቻ አይደለም፤ ወንጌሉንም ነው።

እንዳይነበብ የምንከለክለው ደብዳቤስ አለ ወይ? የአንዲት ሚስት ልመና፣ የአንድ ድሀ አቤቱታ፣ የሌላው ወገን እንባ? ሁለቱንም ወገን ያልሰማ ሽማግሌ ፍርዱ አንካሳ ነው።

ከቤታችን የወጣ ቃል የማንን ቤት አቃጥሏል? ያዕቆብ በምዕራፍ 3 አንደበት እሳት ነው ይለናል። እሳት ለመወርወር የግድ ግንብ ላይ መውጣት አያስፈልግም፤ ስልክ ይበቃል።

ወገኖቼ፣ ሄንሪ ለወንድሙ ዋስ ሆኖ ሲከብደው ወረወረው። እኛ ግን ሌላ ዋስ አለን። ዕብራውያን 7፥22 ኢየሱስ የሚሻል ኪዳን ዋስ እንደ ሆነ ይመሰክራል። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5 በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ እርሱ አንድ ብቻ እንደሆነ ይነግረናል። እርሱ ድርሻውን አልተደራደረም፤ ራሱን ሰጠ። ዕዳችን ሲመጣ «ተገድጄ ነው» አላለም፤ በፈቃዱ ከፈለ። በከተማው ላይ እሳት አልወረወረም፤ ኢየሩሳሌምን አይቶ አለቀሰላት፣ ከቅጥሯም ውጭ ስለ እርስዋ ሞተ። በእርሱ የታረቀ ሰው ለራሱ የሚይዘው ወንበር ስለማይኖር፣ ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾችን ያለ ፍርሃት ማስታረቅ ይችላል።

ምናልባት እስከ ዛሬ በሁለት ቢላዋ ስትበሉ ኖራችሁ ይሆናል። ምናልባት የእናንተ ቃል ያቃጠለው ቤት ዛሬም ይጨሳል። አትዘግዩ። ዛሬ ወደ ጌታ ተመለሱ፤ ከዚያም ወደዚያ ቤት ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ።

እንጸልይ፦

ጌታ ሆይ፣ አንተ ስለ እኛ ዋስ ሆነህ አልካድኸንም፤ ተመስገን። በስምህ ለራሳችን የተደራደርንበትን ይቅር በለን። የደነዘዘውን ሕሊናችንን አንቃ። እረኞቻችንን ከጌቶች ማዕድ አንሥተህ ወደ በጎቻቸው መልስልን። በጠብ መካከል የሚገቡትን ልጆችህን እውነትንና ፍቅርን አልብሳቸው። ከቤታችን የሚወጣው እሳት ሳይሆን እንጀራ ይሁን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።